ጓጉንቸሩን ከመጣልዎ በፊት፦ ሲሊንደር ፈትቶ ማጽዳትና መክፈቻ መለወጥ

ጎንደር ውስጥ ክፍል የሚያከራይ ሰው ጥምቀት ባለፈ ቁጥር የሚከነክነው ጥያቄ አለ፤ የዚህ ክፍል መክፈቻ አሁን በስንት ሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል? ለበዓሉ የመጣ እንግዳ ለወንድሙ ተጨማሪ መክፈቻ ያስቀርጻል፤ ወንድሙ ለጓደኛው ያውሰዋል፤ ሲሄዱ የሚመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ሆኖም በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ የምትገባው ተማሪ ኮምፒውተሯን ክፍሏ ውስጥ ትታ ወደ ትምህርቷ ስትሄድ፣ በሯን መክፈት የሚችል ሌላ ሰው መኖር የለበትም። ለእኔ ይህ የአከራይ የመጀመሪያ ግዴታ ነው፤ ከግድግዳው ቀለምም ከውኃ ታንከሩም ይቀድማል።

ማራኪ አካባቢ ያለውን የቤተሰባችንን ግቢ ከእናቴ ተረክቤ ማስተዳደር ስጀምር ተከራይ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ጓጉንቸር መግዛት የቤቱ ልማድ ነበር። አሮጌዎቹ፣ ገሚሶቹ ደህና ነሐስ ሆነው ሳለ፣ ዕቃ ቤት ባለ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ይህን ልማድ ያስተዉኝ አራዳ ገበያ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው መክፈቻ የሚቀርጹ አንድ አዛውንት ናቸው። ከበድ ያለ ጓጉንቸር ይዤ ሄጄ ያለችኝን አንዲት መክፈቻ ሰጠኋቸውና «ጋሼ፣ ይህችን አንድ ያባዙልኝ» አልኳቸው። ጓጉንቸሩን ከፍተው በማንጠልጠያው፣ ከላይ ባለው የታጠፈ ብረት፣ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አዩና ጠየቁኝ።

«ሌላኛው መክፈቻ የት ሄደ?»

«ተከራይ ይዞት ሄደ።»

«ታዲያ ማባዛቱ ምን ያደርግልሻል ልጄ? የሄደው መክፈቻ እንደሆነ መክፈቱን አይተውም። ይህ የሚፈታ ነው፤ ሆዱን እንለውጠው።»

በርጩማ ሰጡኝና ሲሠሩ አየሁ። ከዚያ ወዲህም እየተመላለስኩ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የግቢያችንን ጓጉንቸሮች የማጸዳውም መክፈቻቸውን የምለውጠውም አሁን እኔ ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእሳቸው የተማርኩትንና ከዚያ በኋላ በሥራ ያየሁትን ነው። መክፈቻው በእጁ ላለ፣ ጓጉንቸሩም የራሱ ለሆነ ሰው የሚጠቅም ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጓጉንቸሮች የሚሠሩት በፒን ነው። ሐሳቡ በጣም የቆየ ነው፤ የጥንት ግብፃውያን መቀርቀሪያቸውን የሚይዙት ከላይ በሚወድቁ የእንጨት ፒኖች ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ትንሽና ጠፍጣፋ መክፈቻ፣ ከሚዞረው ሲሊንደር ጋር፣ ያበጀው አሜሪካዊው ታናሹ ሊነስ ዬል ሲሆን የፈጠራ መብቶቹን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ነው። ከዚያ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ሲሊንደሩ ሁለት ክፍል አለው። ውጪው የማይንቀሳቀስ ቅርፊት ነው። በውስጡ መክፈቻው የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው ክብ ዘንግ አለ፤ እሱን እምብርት እለዋለሁ። ቅርፊቱና እምብርቱ ፊት ለፊት የሚገጣጠሙ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ብዛታቸው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደርድረዋል፦ መክፈቻውን የሚነካው የታች ፒን፣ በእሱ ላይ የላይ ፒን፣ ከሁሉም በላይ ሁለቱን ወደ ታች የሚገፋ ሞላ። መክፈቻ ሳይኖር የላይ ፒኖቹ ከፊል አካላቸው ቅርፊቱ ውስጥ፣ ከፊሉ እምብርቱ ውስጥ ሆኖ እምብርቱን እንዳይዞር ይይዙታል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን የታች ፒን በልኩ ያነሡታል፤ የሁለቱ ፒኖች መገናኛም ከእምብርቱ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ይዞራል።

የታች ፒኖቹ ርዝመት የተለያየ ነው። የመክፈቻው ጥርስ ጎድጎድ ባለበት ረጅም ፒን፣ ከፍ ባለበት ደግሞ አጭር ፒን ይቀመጣል። እንግዲህ መክፈቻ መለወጥ ማለት እነዚህን የታች ፒኖች በሌላ ርዝመት መተካት ነው። ቀሪው አካል፣ ማንጠልጠያውም፣ ቅርፊቱም፣ ሞላውም፣ እንደነበረ ይቆያል።

ከሥራው ሁሉ በፊት የሚመጣው፣ ብዙ ሰውም ሳያይ የሚያልፈው ጥያቄ፣ ጓጉንቸሩ ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለው ነው። ማንጠልጠያውን ይክፈቱና ብረቱ ነቅሎ በወጣበት በኩል ያለውን ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከሥሩ የብሎን ጭንቅላት ከታየ መልካም ዜና ነው። ያ ብሎን ሲሊንደሩን ወይም የታችኛውን ክዳን የያዘ ነው፤ ሲፈታ ሲሊንደሩ ከሥር ይወጣል። አምራቾቹ ብሎኑን እዚያ ያስቀመጡት በምክንያት ነው፤ ጓጉንቸሩ ተቆልፎ ሳለ ማንጠልጠያው ራሱ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ሌባ ሊደርስበት አይችልም። ጥሩ ጥሩ የሆኑት ወፍራም ጓጉንቸሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ብሎን ከሌለ ነገሩ ይከብዳል። በየሱቁ በብዛት የሚሸጡት፣ አካላቸው አንድ ወጥ ነሐስ የሆኑት ጓጉንቸሮች የተለየ ሲሊንደር የላቸውም። የፒኖቹ ቀዳዳ ከራሱ ከአካሉ ጎን ተበስቶ፣ ፒኑና ሞላው ከገቡ በኋላ አፉ በትንሽ የነሐስ ውታፍ ተደፍኖ ተሞርዷል። በብርሃን አዘንብለው ቢያዩት በተርታ የተደረደሩ ደብዛዛ ክብ ምልክቶች ይታያሉ። እነዚህን በትራፓኖ መልሶ መብሳት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ፑንታው ትንሽ ከሳተ ቀዳዳው ይሰፋል፤ መልሰው የሚደፍኑት ውታፍም የፋብሪካውን ያህል አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን ሳይፈቱ ማጽዳት ይበቃል። መክፈቻው የባዕድ እጅ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ከመኖሪያ ክፍል በር አውርዶ ለማገዶ ቤት ወይም ለዶሮ ቤት ማድረግ ነው።

የብረት ዝርግ ተደራርቦ በሪቬት የተመታባቸውም አሉ። ከእነሱ ውስጥ ሲሊንደራቸው የሚወጣ አሉ፤ ተራዎቹ ግን ሪቬቱ ካልተነቀለ አይከፈቱም፤ ከተነቀለም አይመለሱም። መክፈቻው ከጠፍጣፋ ይልቅ ድቡልቡል ሆኖ ጎኑ ሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ በውስጡ ያለው ፒን ሳይሆን የሚዞር የዲስክ ድርድር ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1907 ፊንላንድ ውስጥ የተፈለሰፈ አሠራር ነው፤ አብሎይ የተባለው አምራች በእሱ ይታወቃል። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ከተዛባ መመለሱ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ በፒን ሳይለማመዱ አይጀምሩት።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ቀጭንና ረጅም ካቻቢቴ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ጨርቅና የእንቁላል ትሪ። ነጩ ጨርቅ ቅንጦት አይደለም። ፒን ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከወደቀ ተንከባሎ መሬት ይገባል፤ ጨርቅ ላይ ግን ባለበት ይቆያል። የእንቁላል ትሪው ለቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ለመክፈቻው አንገት ቅርብ ለሆነው ፒን ይሰጣል፤ ከዚያ በተራ ይቀጥላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን ገበያ የማይገኝ ነገር ነው፤ ውፍረቱ ልክ የእምብርቱን ያህል የሆነ ለስላሳ ዱላ። እምብርቱ ከፊት ሲወጣ ዱላው ከኋላ ተከትሎ ቦታውን ይይዛል፤ የላይ ፒኖቹና ሞላዎቹም ቅርፊቱ ውስጥ ባሉበት ይቆያሉ። ዱላው ከሌለ ሞላዎቹ ፒኖቹን ወደ ባዶው ቦታ ያስፈነጥሯቸዋል፤ ሥራውም በእጥፍ ይረዝማል። የእኔን የወይራ እንጨት በአሸዋ ወረቀት እየላግኩ ነው ያበጀሁት። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጠርዙ አይሰነጠቅም። የእምብርቱ ውፍረት ከጓጉንቸር ጓጉንቸር ይለያያል፤ ትንንሾቹ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ተለቅ ያሉት 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዱላ ማዘጋጀት ይሻላል። ጫፉ ድፍን ጠፍጣፋ ይሁን፤ ከእምብርቱ ጋር ሲገጥም በመካከላቸው ብርሃን መታየት የለበትም።

አሁን ወደ መፍታቱ። ብሎኑን ፈትተው ሲሊንደሩን ከማውጣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከሲሊንደሩ ጀርባ ማንጠልጠያውን የሚለቅ ምላስ አለ፤ ወደየት አቅጣጫ እንደቆመ ካልያዙት ሲመልሱት መክፈቻው ይዞራል፣ ጓጉንቸሩ ግን አይከፈትም። ማንጠልጠያውን የሚይዙት ድቡልቡል ብረቶች ከሆኑ እነሱም ተንከባለው ስለሚወጡ ጓጉንቸሩን ጨርቅ ላይ ገልብጠው ይሥሩ።

ሲሊንደሩ በእጅዎ ከገባ በኋላ ጀርባውን ያዩታል። እምብርቱን የያዘው ብዙ ጊዜ ጫፉ ክፍት የሆነ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት ብሎን የተያዘ ሳህን አለው። ቀለበቱን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል፤ ነገር ግን ሌላኛው እጅዎ ከላይ ይሸፍነው፤ ፈንጥሮ ዓይን ሊመታ የሚችል ነገር ነው።

ከዚያ መክፈቻውን አስገብተው ትንሽ ያዙሩት። ሩብ ዙር እንኳን መሙላት የለበትም፤ የእምብርቱ ቀዳዳዎች ከቅርፊቱ ቀዳዳዎች ፈቀቅ ካሉ ይበቃል። እስከ ግማሽ ዙር ከወሰዱት ግን የላይ ፒኖቹ ከመክፈቻው መግቢያ ስንጥቅ በላይ ይመጡና ክፍተት ካገኙ ወደዚያ ይወድቃሉ። እንዳዞሩት ዱላውን ከጀርባ ያስጠጉና እምብርቱን ወደ ፊት ይግፉት። መግፋት የዱላው ሥራ ነው፤ መክፈቻውን አይሳቡት፤ ከተሳበ በመካከል ክፍተት ይፈጠራልና። እምብርቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ዱላው ቅርፊቱ ውስጥ ይቀመጥ። የቀዳዳዎቹን አፍ ወደ ላይ እንዳደረጉ እምብርቱን ጨርቁ ላይ ያሳርፉት፤ የታች ፒኖቹን በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሡ በእንቁላል ትሪው ላይ ይደርድሩ።

ማጽዳት ብቻ ከሆነ የፈለጉት እዚህ ደርሰዋል። ጎንደር ላይ ቁልፍን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የበጋ አቧራና የክረምት ዝናብ። ሦስተኛውን የምንጨምረው እኛው ነን፤ ዘይት። በየቤቱ ጓጉንቸር ሲጠብቅ የሚፈጥነው የምግብ ዘይት ነው፤ ለዚያውም የኑግ። ዘይቱ ለአንድ ሳምንት ያለሰልሳል። የኑግ ዘይት ግን አየር ሲያገኘው እየደረቀ ወደ ሙጫ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል ሞላው ፒኑን መግፋት እስኪያቅተው ድረስ ይጨቀያል። አዘዞ ባለው የአጎቴ የእህል መጋዘን ጓጉንቸር ላይ ይህን በደንብ አይቻለሁ። የገለባው ብናኝና ዘይቱ ተጋግረው ቡናማ ጭቃ ሆነው ነበር። መክፈቻው ይገባል፣ ፒኖቹ ግን ተነሥተው በዚያው ቀርተዋል። እሱ አዲስ ሊገዛ ተነሥቶ ነበር፤ ጓጉንቸሩ ግን ምንም አልሆነም፤ ከታጠበ በኋላ እስካሁን እየሠራ ነው።

እምብርቱንና ፒኖቹን በትንሽ ነጭ ጋዝ ውስጥ ይዘፍዝፏቸው፤ በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጓቸው፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው አየር ላይ ያቆዩአቸው። ፒኖቹ ሲዘፈዘፉም እንዳይደባለቁ በየተራቸው ይሁኑ። ነጭ ጋዝ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፤ ምድጃ ከሚነድበት ማድ ቤት ራቅ ብለው በረንዳ ላይ ይሥሩ። ለመቆረጥ እንዲመች ተብሎ በሚሠራ ነሐስ ውስጥ ጥቂት እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ስለሚኖር ሞርደው ወይም ፈግፍገው ሲያበቁ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ። ልጆች ካሉ የነሐሱን ደቃቅ ከጨርቁ ጋር ጠቅልለው ያርቁት።

ማለስለሻው ደረቅ ይሁን። ግራፋይት ዱቄት ካገኙ እሱ፤ ካላገኙ የለስላሳ መጻፊያ እርሳስ ጥቁር ውስጡን በአሸዋ ወረቀት ላይ ፈትገው የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ያው ግራፋይት ነው። በጣም ጥቂት ይበቃል፤ ከበዛ እሱም ይጠቀጥቃል። ዘይት የሚፈቀደው ለማንጠልጠያው እግሮችና ለሚይዛቸው መቆለፊያ ብቻ ነው፤ ለዚያ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። ፒኖቹ ዘንድ እንዳይደርስ ጓጉንቸሩን ቀጥ አድርገው ይያዙ።

ዝገት የበላውን ሞላ ለማዳን አይድከሙ። ጎትተው ያስረዘሙት ሞላ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ መልሶ ይሟሽሻል። የእስክሪብቶ ሞላም ለብዙዎቹ ቀዳዳዎች ይወፍራል። የሚሻለው ዕቃ ቤት ካለው ቆርቆሮ ውስጥ የማይድን ጓጉንቸር መርጦ የእሱን ሞላዎችና ፒኖች መውሰድ ነው። እኔ ሳንቲም የማያወጡ የሚመስሉትን አሮጌዎች አሁን እንደ መለዋወጫ ሣጥን ነው የማያቸው፤ የአራዳ ቁራሌ ነጋዴዎችም ዘንድ እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም።

መክፈቻ ለመለወጥ አዲስ መክፈቻ ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ተመሳሳይ ዓይነት ካለው ሌላ ጓጉንቸር የተረፈ መክፈቻ መጠቀም ነው። የጎኑ ጎድጓዳ መስመር ከእምብርቱ መግቢያ ጋር መግጠም አለበት፤ በኃይል የሚገባ ከሆነ የዚያ አይደለም። ካልተገኘ ደግሞ መክፈቻ ቀራጩ ያልተቀረጸ መክፈቻ ላይ አዲስ ጥርስ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ቀራጩን ሁለት ነገር ያሳስቡት። ጎድጓዶቹ ከአሮጌው መክፈቻ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ቢለያዩ አይበቃም፤ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለያዩ። ደግሞም በጣም ጥልቅ ጎድጓድ በጣም ከፍ ካለ ጥርስ አጠገብ አይሁን፤ ቁልቁለቱ ከበዛ ፒኑ ሲወጣና ሲወርድ ይነክሳል፣ መክፈቻው ሲገባ ይያዛል።

አዲሱን መክፈቻ ባዶው እምብርት ውስጥ እስከ መጨረሻው ያስገቡና ፒን መምረጥ ይጀምሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ሾጠጥ ያለውን ጫፍ ወደ ታች አድርገው አንድ ፒን ይጨምራሉ። ከእምብርቱ ጠርዝ በላይ ብቅ ካለ ረዝሟል፤ ሰጥሞ ከቀረ አጥሯል። በሁለት ተከታታይ የፒን ርዝመቶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ዓይን ይታለላል፤ ጥፍር ግን አይታለልም። ጥፍርዎን በላዩ ሲያንሸራትቱ ካልተደናቀፈና ካልሰመጠ ልኩ ነው። ሁሉም ሲሞሉ እምብርቱን መስኮት አጠገብ ወስደው ከጎን ይመልከቱት፤ ጠርዙ አንድ ወጥ መስመር መሆን አለበት።

ጥቂት ብቅ ያለውን ፒን ከላይ ባለው ጠፍጣፋ ጫፉ በኩል በደቃቅ ሞረድ መሞረድ ይቻላል። እምብርቱን መሞረድ ግን ፈጽሞ አይገባም። አንዳንድ ሠራተኞች ፒኖቹን ከእምብርቱ ጋር አብረው ሞርደው እኩል ያደርጓቸዋል፤ ፈጣን ነው፣ ጓጉንቸሩም ይከፈታል። ነገር ግን እምብርቱ ቀጥኖ ከቅርፊቱ ጋር ይላላል፤ የላላ ጓጉንቸር ደግሞ በተቀራራቢ መክፈቻ ሳይቀር ሊከፈት ይችላል። ለሰው ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ማድረግ የለበትም።

የላይ ፒኖቹን ከተቻለ አይንኩ። ከእነሱ ውስጥ ወገባቸው የቀጠነ ካሉ ያለ መክፈቻ ለመክፈት የሚሞክርን ሰው ለማሰናከል ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ በተራ ፒን ከተተኩ ጓጉንቸሩ ይዳከማል። የሚቀየሩበት ምክንያት አንድ ነው፤ በጣም ረጅም የታች ፒን ላይ ረጅም የላይ ፒን ካለ ሞላው ተጨፍልቆ ቦታ ሊያጣ ይችላል። ያን ጊዜ አጠር ባለ ይተኩት። ሞላና የላይ ፒን ከወደቁብዎ ደግሞ ዱላውን ወደ ቅርፊቱ መልሰው ያስገቡ፤ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እየገለጡ በመጀመሪያ ሞላውን፣ ቀጥሎ ፒኑን በወረንጦ አስገብተው በካቻቢቴ ጫፍ እየተጫኑ ዱላውን ወደ ፊት ያስኪዱ። ሰከን ብሎ ለሚሠራ ሰው ከባድ አይደለም።

መመለሱ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። መክፈቻው እንደገባ፣ እምብርቱ ጥቂት እንደዞረ፣ ዱላውን ወደ ኋላ እየገፋ ይገባል። ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጥም መክፈቻውን ወደ መነሻው ይመልሱትና የላይ ፒኖቹ ቦታቸውን ሲይዙ ይሰማዎታል። ከዚህ በፊት መክፈቻውን ማውጣት አይቻልም፤ ከወጣ የታች ፒኖቹ ከልካቸው ይወርዳሉ። የጀርባውን ቀለበት ከመለሱ በኋላ ሲሊንደሩን በእጅዎ እንደያዙ ብዙ ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። አዲሱ መክፈቻ ያለ ጭንቀት መዞር አለበት፤ ዞሮ ሳለ መውጣት የለበትም። አሮጌው መክፈቻ ጨርሶ እምቢ ማለት አለበት። በግቢው ውስጥ ያሉትን የሌሎቹን ክፍሎች መክፈቻዎችም በተራ ይሞክሩበት። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሲሊንደሩን ወደ ጓጉንቸሩ ይመልሱ፤ ማንጠልጠያው ክፍት እንደሆነ እንደገና ይሞክሩ፤ ከዚያ ብቻ ይቆልፉት።

እናቴ ሥራውን ስታይ የጠየቀችኝ «ታዲያ የእኔን ሁሉ በአንድ መክፈቻ አታደርጊውም?» ብላ ነው። ትክክል ናት፤ ይቻላል። ተመሳሳይ ዓይነት ጓጉንቸሮች ከሆኑ ሁሉንም ለአንድ መክፈቻ በሚሆን ፒን መሙላት ነው። የማድ ቤቱ፣ የዕቃ ቤቱና የውጪው በር አሁን በአንድ መክፈቻ ይከፈታሉ፤ እሷም ከነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥረው አንዱን ብቻ ነው። ለተከራዮች ክፍል ግን ይህን አላደርግም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መክፈቻ ይኑረው።

ውጪ የሚውል ጓጉንቸር ከሰኔ ጀምሮ መጠለያ ያስፈልገዋል። አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ላስቲክ ቆርጠው ከላይ እንደ ክዳን ያንጠልጥሉለት፤ ሥሩ ግን ክፍት ይሁን፤ ከተሸፈነ የገባው እርጥበት አይወጣም። የመክፈቻው ቀዳዳ ወደ ታች የሚያይ ከሆነ ዝናቡ ራሱ ይንጠባጠባል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ፣ አቧራው ሳይጀምር አንድ ጊዜ ፈትቶ ማድረቅና ግራፋይቱን ማደስ ለዓመት ይበቃል።

የወጡትን አሮጌ ፒኖች በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ የየትኛው ክፍል እንደነበሩ በወረቀት ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ክፍል ይሆናሉ። አዲስ ተከራይ ስትገባ ሁለቱንም አዳዲስ መክፈቻዎች ከአሮጌው ጋር አብሬ እሰጣታለሁ፤ አሮጌው እንደማይከፍት በራሷ እጅ ሞክራ ካረጋገጠች በኋላ አሮጌውን መልሼ እወስዳለሁ። መክፈቻው ጨርሶ ጠፍቶ የተቆለፈ ጓጉንቸር ያጋጠመው ሰው ግን በዚህ መንገድ አይሞክር፤ የቤቱ ባለቤት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይዞ ወደ ቁልፍ ሠራተኛ ይሂድ፤ ከተከፈተ በኋላ ሲሊንደሩ የሚወጣ ከሆነ ከላይ በጻፍኩት መንገድ መቀጠል ይችላል።